ወረቀት ከወጣ በኋላስ?

በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ፣ በአሌክሳንድሪያም ሆነ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአገራችን ሰው በተሰበሰበበት ቤት ሁሉ አንድ የደስታ ቃል አለ፤ ይኸውም «ወረቀት ወጣለት» የሚለው ነው። ይህ ቃል ሲሰማ እልል ይባላል፤ ቡና ይፈላል፤ አገር ቤት ላለች እናት ስልክ ይደወላል። ዳሩ ግን እኛ የማኅበሩ አባሎች በዚህ ዓመት እንዳየነው፣ ከእልልታው ማግሥት የሚመጣውን ነገር የሚያስብ ሰው እምብዛም አይገኝም። ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው በዚያች ቀን ምን መብት እንዳገኘ፣ መብቱም እስከ መቼ እንደሚቆይለት የሚነግረው ከሌለ፣ ያ የተለፋበት ወረቀት ተጣጥፎ ከትራስ ሥር የሚቀመጥ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ይህን የምንለው በምሳሌ አይደለም። አንዲት እኅታችን ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ በእርግጥ ከትራሷ ሥር አስቀምጣው ነበር። ከየትኛው ክፍለ አገር እንደ መጣች አንናገርም፤ የማንናገርበትን ምክንያት ወደ ኋላ እንመጣበታለን። ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር በአንድ ቤት ምድር ቤት ትኖራለች፤ በምግብ ቤት ጓዳ ሰሃን ታጥብ ነበር። ዳኛው ጥገኝነቷን ከፈቀደላት ከጥቂት ሳምንት በኋላ እጇን የፈላ ውሃ አቃጠላትና ሥራዋን አጣች። ከሐኪም ቤት የመጣ የሂሳብ ደብዳቤ ይዛ «ይህን አንብቡልኝ» ብላ ከአንድ አባላችን ዘንድ መጣች። አባላችንም ደብዳቤውን ካነበበላት በኋላ «ጥገኝነት ያገኘሽው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቃት። በጣቷ ቆጠረች፤ አራት ወር ከ19 ቀን ሆኖ ነበር።

ለስደተኞች የሚሰጠው የፌዴራል የገንዘብ እርዳታ የሚቆየው አራት ወር ነው። አራቱ ወር መቆጠር የሚጀምረው ከማመልከቻው ቀን ሳይሆን ጥገኝነቱ ከጸናበት ቀን ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሰዓቱ የሚቆጥረው ባለቤቱ ያውቀው አያውቀው ሳይል ነው። በሁለተኛው ወር ያመለከተ ሁለት ወር ያገኛል፤ በአምስተኛው ወር ያመለከተ አንዳችም አያገኝም። እኅታችን በ19 ቀን ዘገየች። በእነዚያ ወራት የቤት ኪራይ ድርሻዋን የከፈሉላት አብረዋት የሚኖሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ያው እንደ እርሷ በሰዓት ደመወዝ የሚያድሩ ናቸው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የአሜሪካ ምክር ቤት የስደተኞችን ሕግ በ1980 ሲያወጣ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) እርዳታው እስከ 36 ወር ይቆይ ነበር። በሱዳን በኩል ተንገላተው የመጡት የመጀመሪያዎቹ ወገኖቻችን የደረሱት በዚያን ጊዜ ነው፤ ዛሬ ሱቅና ምግብ ቤት ያላቸው ብዙዎቹ ቋንቋ የተማሩት በእነዚያ ወራት ነው። በ1982 ወደ 18 ወር ወረደ፤ በ1988 ወደ 12፤ በ1991 ወደ 8። በ2021 ተመልሶ 12 ወር ሆነ። ከሜይ 5 ቀን 2025 ጀምሮ ጥገኝነት ላገኙት ግን 4 ወር ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። እንግዲህ በ1980 የመጣ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ተኝቶ ቢነሣ እንኳ ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር፤ የዛሬው ሰው ግን አንድ ክረምት ካንቀላፋ አለቀለት።

ከውጭ አገር መጠለያ ተመርጦ የሚመጣ ስደተኛና እዚህ ደርሶ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ልዩነታቸውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የመጀመሪያውን የአስፋሪ ድርጅት ሠራተኛ በአየር ማረፊያ ይቀበለው ነበር፤ ቤት ይከራይለታል፤ አልጋና ብርድ ልብስ ያዘጋጅለታል፤ ሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ድረስ እጁን ይዞ ይወስደዋል። ያ በር በጃንዋሪ 2025 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ታገደ፤ ለ2026 የበጀት ዓመትም የተፈቀደው ቁጥር 7,500 ብቻ ሆነ። የእኛ ወገኖች አብዛኞቹ ግን ከሁለተኛው ወገን ናቸው። በቪዛ ይመጣሉ፤ ወይም በደቡብ በኩል ደንና ወንዝ አቋርጠው ይመጣሉ፤ በዘመድ ወይም በዘመድ ወዳጅ ቤት ያርፋሉ። ጉዳያቸው እስኪወሰን ድረስ ከፌዴራል መንግሥት የገንዘብ እርዳታ አይሰጣቸውም፤ የሥራ ፈቃድ ለመጠየቅ እንኳ 150 ቀን መጠበቅ አለባቸው፤ ከ2025 ወዲህ ደግሞ ለጥገኝነት ማመልከቻውም ለሥራ ፈቃዱም ክፍያ ተጥሏል። በመጨረሻ ዳኛው «ፈቅጃለሁ» ሲል ሰውየው እያለቀሰ ይወጣል። ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ግን የሚጠብቀው ባለሥልጣን የለም። «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ይህ ይገባሃል» ብሎ በአማርኛ የሚነግረው የለም። ጠበቃውም ሥራው እዚያ ላይ አብቅቷል።

ይህን ክፍተት ነው መሙላት የምንችለው ብለን የምናምነው።

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ይህ ሐሳብ ሲቀርብ ተቃውሞ አልጠፋም። አንዳንድ ጓደኞቻችን «የተማሪ ማኅበር የበጎ አድራጎት ድርጅት አይደለም፤ የእኛ ሥራ ሕዝቡ እንዲሰደድ ያደረገውን ምክንያት መመርመርና መናገር ነው» አሉ። መናገሩን አንጠላም፤ በዚህ መጽሔት ስንት ገጽ እንደ ጻፍንበት አንባቢ ያውቃል። ነገር ግን በየቡና ቤቱ እስከ እኩለ ሌሊት ስለ አገር ዕጣ ስንከራከር፣ በዚያው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ዝም ብሎ የሚያዳምጠን ሰው በኪሱ ያላነበበው ደብዳቤ አለ። እርሱ ስለ አገሩ ከእኛ ይልቅ ያውቃል፤ ያየውን አይቶ ነው የመጣው። ከእኛ የሚፈልገው ትንታኔ ሳይሆን ያንን ደብዳቤ የሚያነብለት ሰው ነው። እርሱን ያላየ ዓይን ስለ ሕዝብ ሲናገር ማን ይሰማዋል?

ሌላው ተቃውሞ ከወገኖቻችን ከራሳቸው የሚመጣ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነው። «ሠርቼ እበላለሁ እንጂ የመንግሥት ምጽዋት አልቀበልም» ይላሉ። ይህ ኩራት የሚያስከብር ኩራት ነው። በአገራችን እጅን መዘርጋት ሞት ነው። ዳሩ ግን እርዳታው ልመና ሳይሆን በሕግ የተጻፈ መብት ነው፤ የተሰጠበትም ምክንያት ሰውየው ሥራ እስኪይዝና ቋንቋ እስኪይዝ ድረስ እንዳይወድቅ ነው። ሥራ በያዘ በመጀመሪያው የደመወዝ ቀን ግብር ይቆረጥበታል፤ ያን ጊዜ መንግሥት ለመቀበል አያፍርም። «እርዳታ ጥገኛ ያደርጋል» የሚሉትንም ሰምተናል። በአራት ወር ውስጥ ጥገኛ ለመሆን የሚያስችል ትጋት ያለው ሰው እስካሁን አላጋጠመንም።

ከኩራቱ በስተጀርባ ፍርሃትም አለ። የመንግሥት እርዳታ የተቀበለ ሰው ግሪን ካርድ ይከለከላል የሚል ወሬ በየቤቱ ይዞራል። ወሬው መሠረት የሌለው አይደለም፤ በቤተሰብ በኩል ለሚያመለክት ሰው እንዲህ ያለ ሚዛን አለ። ጥገኝነት የተፈቀደለትንና በስደተኝነት የገባን ሰው ግን ሕጉ ራሱ ከዚያ ሚዛን ነጻ አውጥቶታል። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ባለማወቅ ስንት ሰው በብርድ ቤት ውስጥ ታሞ እንደ ተኛ ብንቆጥር ያሳፍረናል።

እንግዲህ አባሎቻችን ከወገኖቻችን ጋር ወደ መሥሪያ ቤቶች መሄድ ከጀመሩ ወዲህ የተማርነውን እንናገር፤ አንዳንዱ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በትንሹ ነው ሰው የሚሰናከለው።

መጀመሪያ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። በፓስፖርቱ ላይ የአያቱ ስም መጨረሻ ስም ሆኖ ተጽፏል፤ በፍርድ ቤቱ ወረቀት ላይ የአባቱ ስም፤ በሐኪም ቤት ደግሞ ሁለቱ ተገጣጥመው አንድ ቃል ሆነዋል። ተስፋዬ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ተጽፎ በአንድ ሰው ወረቀቶች ላይ አይተናል። መዝገብ ጠባቂዋ ሦስት ሰዎች ናቸው ብላ ብታስብ አይፈረድባትም። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ወረቀት በእኛ ዘመን፣ ሌላው በፈረንጅ ዘመን ይጻፍና ሰውየው ሰባት ዓመት ያረጃል ወይም ያንሳል። ይህ ሁሉ የሚቃናው ከመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዓመት በኋላ ለማቃናት መድከም ሌላ ዓመት ይበላል።

ቀጥሎ ሰዓት ነው። አንድ ወንድማችን ቀጠሮው 9 ሰዓት ነው ተብሎ በስልክ ተነገረው። እርሱም በአገሩ ልማድ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ሄደ። ቀጠሮው የጧቱ 3 ሰዓት ነበርና በሩ ላይ «ቀርተሃል» ተባለ፤ ፋይሉም ተዘጋ። በዚህ ነገር መሳቅ ይቻላል፤ እርሱም ኋላ ላይ ራሱ ስቋል። አዲስ ቀጠሮ ያገኘው ግን ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።

ከዚያ ቋንቋ አለ። የዋሽንግተን ከተማ ምክር ቤት በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ ዋና ዋና ወረቀቶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። ይህ ከሰማይ የወረደ ስጦታ ሳይሆን ከእኛ በፊት እዚህ የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበው፣ ተናግረው፣ ጠይቀው ያገኙት ነው። በፌዴራል ደረጃ የ2000 ዓመተ ምሕረቱ የቋንቋ ትእዛዝ በማርች 2025 ተሽሯል፤ የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ ግን አለ። በአንድ መሥሪያ ቤት «አስተርጓሚህን ራስህ ይዘህ ና» የተባለ ሰው አጋጥሞናል። አብራው የነበረችው አባላችን የከተማውን ሕግ አትማ በቦርሳዋ ይዛ ነበርና በትሕትና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ አማርኛ የሚናገር ሰው በስልክ ተገኘ። እንግዲህ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» የምትለዋን ቃል በእንግሊዝኛ ማስተማር የመጀመሪያው ትምህርት ይሁን እንላለን። የአሥር ዓመት ልጅ ለእናቱ ሕመም አስተርጓሚ ሆኖ እንዲቆም ማድረግ ግን ነውር ነው፤ ይህንን አይተናልና ዳግመኛ ለማየት አንፈልግም።

ስለ ሥራም አንድ ነገር። ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው የሥራ ፈቃድ ካርድ እስኪመጣ ድረስ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም፤ የመሥራት መብቱ ከጥገኝነቱ ጋር የተሰጠ ነው። አይ-94 የሚባለውን ወረቀት ወይም ገደብ የሌለበትን የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ከመታወቂያ ጋር ከያዘ ይበቃዋል። ይህን ባለማወቅ ካርድ እየጠበቀ ሦስት ወር የተቀመጠ መሐንዲስ እናውቃለን።

ሕጉ በ2025 እጅግ ተለዋውጧልና አባሎቻችን ያለፈውን ዓመት እውቀት ይዘው እንዳይሄዱ። ፉድ ስታምፕ ቀድሞ ጥገኝነት ላገኘ ሰው ወዲያው ይሰጥ ነበር፤ በጁላይ 4 ቀን 2025 የጸደቀው ሕግ ግን ግሪን ካርድ እስኪያገኝ ድረስ ከለከለው። ሜዲኬይድንም ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲሁ እንዲዘጋ ደነገገ። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ለግሪን ካርድ ማመልከት የሚችለው አንድ ዓመት ከቆየ በኋላ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ገንዘቡ በአራት ወር ያልቃል፤ የምግቡ በር ቢያንስ አንድ ዓመት ይዘጋል። ይህን የደነገጉት ሰዎች አንድ ሰው በምን እንዲያልፈው እንዳሰቡ ለመረዳት ብዙ ደከምን፤ አልተሳካልንም። የሚቀረው የሥራ ማፈላለግና የቋንቋ ትምህርት አገልግሎት ነው፤ ይህ እስከ አምስት ዓመት ይቆያልና ዘግይቶ የመጣም ሰው ቢሆን «አልቋል» ተብሎ ወደ ቤቱ አይመለስ። ልጅ ያላት እናትም የምትገባው በሌላ በር ነው፤ የልጆች ቤተሰብ እርዳታ የሚሰጠው እንደየስቴቱ ደንብ እንጂ በአራት ወሩ ቁጥር አይደለም።

በዚህ መካከል ደላላው አለ። የሚያውቃትን አራት መስመር በ200 ዶላር የሚሸጥ፣ በነጻ የሚሰጠውን ቅጽ አስከፍሎ የሚሞላ፣ ያልሆነውን ታሪክ ጨምሮ የሚጽፍ ሰው ከመካከላችን አልጠፋም። ውሸት የገባበት ቅጽ በኋላ የሚያጠፋው ደላላውን ሳይሆን የፈረመውን ነው። እኛም ብንሆን ልካችንን ማወቅ አለብን። እኛ ጠበቆች አይደለንም፤ በሕግ ጉዳይ ምክር መስጠት አይገባንም፤ አይፈቀድልንምም። ማንበብ፣ ማጀብ፣ ቀን መቁጠር፣ ወደሚያውቅ ሰው ማድረስ ነው ሥራችን። በአርሊንግተን በ1983 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤትና ሌሎችም ለብዙ ዓመት ይህን ሥራ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ በጃንዋሪ 2025 ለስደተኛ ማስፈሪያ የሚሰጠው የፌዴራል ገንዘብ ሲቋረጥ በአገሩ ሁሉ ያሉ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን አሰናብተዋል። የጎደለውን እጅ በጥቂቱም ቢሆን መሙላት እንችላለን።

አሁን ወደ ተውነው ነገር እንመለስ። እኅታችን ከየት እንደ መጣች ያልተናገርነው፣ ከተናገርን ከአንባቢዎቻችን ገሚሱ ልቡን ከፍቶ፣ ገሚሱ ዘግቶ እንደሚያነብ ስለምናውቅ ነው። ይህን መጻፍ ያሳምመናል፤ እውነት ግን ነው። ከ2020 ወዲህ በትግራይ፣ በኦሮሚያ፣ በአማራም የሆነው ሁሉ ሰውን አሰደደ፤ የተሰደደውም ሰው እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ቸገረህ?» ሳይሆን «የማን ወገን ነህ?» ሆነ። አንዱ ሰፈር ለራሱ ሰው ብቻ ቤት ይፈልጋል፤ ሌላውም እንዲሁ። ሰው ከራሱ አስተርጓሚ እስከ መፍራት ደርሷል፤ በስልክ የመጣለትን ድምፅ አነጋገር ሰምቶ ታሪኩን ያሳጠረ ሰው አይተናል። ማኅበራችን በዚህ ሥራ የሚሰማራ አባል ሁሉ ሁለት ነገር እንዲምል ወስኗል፤ ወገን አይጠይቅም፤ የሰማውንም አያወራም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል። እዚህ ከተማ ውስጥ ጧት የተነገረ ምሥጢር ማታ በምግብ ቤት ይበላል።

ስለ ገንዘብም ሳንናገር አናልፍም። ወገናችን ሲሞት አስከሬኑን ወደ አገር ለመላክ በሁለት ቀን ውስጥ ብዙ ሺህ ዶላር እናዋጣለን፤ በዚህ ማንም አይወዳደረን። ያው ሰው በሕይወት ሳለ የአውቶቡስ ካርድ ሲያጣ ግን ማን አዋጣለት? ባለፈው ስብሰባ የዘመን መለወጫ ግብዣችን በጀት ግማሹ ለመጓጓዣና ለወረቀት ማባዣ እንዲውል ሐሳብ ቀርቦ በጠባብ ድምፅ አልፏል። ለዘፋኝ የተመደበው ስለ ተቀነሰ የተቀየሙን አሉ፤ ይህ መልሳችን ይሁን።

እኅታችን የገንዘቡ ጊዜ አለፋት። የሐኪም ቤቱ ዕዳ ግን ሜዲኬይድ ካመለከቱበት ወር በፊት ላሉት እስከ ሦስት ወራት ወደ ኋላ ስለሚቆጥር ገና ተስፋ አለው፤ ማመልከቻው ገብቷል። ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ቀነ ገደብም አለባት። አገር ቤት ከአያታቸው ጋር የቀሩ የ7ና የ10 ዓመት ሁለት ልጆች አሏት፤ እነርሱን ለማስመጣት አይ-730 የሚባለው ቅጽ ጥገኝነቱ በተፈቀደ በሁለት ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። እርሷ ይህንንም የሰማችው ከእኛ ነው። የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት አንደኛው ላይ የእናት ስም ተሳስቶ ተጽፏል፤ ወንድሟ በቀበሌው እየተመላለሰ ያስተካክላል። ከስደተኛ ጉዳይ ጠበቃ ጋር ቀጠሮዋ የሚመጣው ሐሙስ በፈረንጅ ሰዓት 8፣ በእኛ ከጧቱ 2 ሰዓት ነው። መኪና ያለው አባል እስከ ማክሰኞ ማታ ለጸሐፊው ያስታውቅ።